በርበሬና ሽሮ አሽጎ ለገበያ ማቅረብ፦ የኢትዮጵያን የምግብ ደኅንነት ቁጥጥር ደረጃ በደረጃ ማለፍ

በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ መሸጥ ብዙ ጊዜ ከቤት የሚጀመር ሥራ ነው። ገበያው ሰፋ ሲልና ሱፐርማርኬቱ «የብቃት ማረጋገጫ አምጡ» ሲል ሁሉም ወረቀት ፍለጋ ይሮጣል። ወረቀቱ ግን የመጨረሻው እርምጃ ነው። ተቆጣጣሪው የሚያየው ሥራውን ነው፤ በርበሬ ደግሞ የሚበላሸውም የሚድነውም ዛላው በተገዛበት ቀንና በተሰጣበት ሸራ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የገባ መርዝ በኋላ በምጣድም፣ በወፍጮም፣ በማኅተምም አይወጣም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት የሚያሳልፈው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ከዛላው ጋር ይቆያል።

1. የሚቆጣጠርዎ ማን እንደሆነ ይለዩ

ዋናው ሕግ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፤ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 661/2002 ተክቷል። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች የየራሳቸው ተቆጣጣሪ አላቸው። ምርትዎ ከክልል ክልል የሚሻገር ወይም ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ጉዳይዎ የፌዴራሉ ነው። እዚያው በሚመረትበት ክልል ወይም ከተማ ውስጥ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ የአካባቢው ተቆጣጣሪ ዘንድ ይሄዳሉ። ይህን ሳይለዩ የሚጀምሩ ሰዎች በአንዱ ቢሮ ወራት ካቃጠሉ በኋላ «እኛ አይደለንም» ይባላሉ።

ቁጥጥሩ በአንድ ጣሪያ ሥር አልተሰበሰበም። እርሻው፣ ፀረ ተባዩና የእንስሳቱ ጤና የግብርናው ዘርፍ ነው። ደረጃ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ ፈትሾ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት፣ ገበያው ላይ ያለውን ዕቃ የሚያየው የንግዱ መሥሪያ ቤት ነው። በእነዚህ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። ዛላው ከገበሬው ማሳ ተነሥቶ በሰብሳቢና በአከፋፋይ በኩል እርስዎ ደጅ እስኪደርስ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይመረምረውም። በሀብታም አገሮች ሰንሰለቱ ላይ ሦስት አራት ጊዜ የሚደረገው ፍተሻ እዚህ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ ያም ቦታ የእርስዎ መረከቢያ በር ነው።

ለምርትዎ የወጣ የኢትዮጵያ ደረጃ ካለ ከኢንስቲትዩቱ ገዝተው ያንብቡት፤ አስገዳጅ መሆኑንም ይጠይቁ። አስገዳጅ ደረጃ ያለ ምስክር ወረቀት መሸጥን ይከለክላል። በርበሬው ውስጥ የሚገባው ጨውም አዮዲን ያለው ይሁን፤ ይህ በደንብ ቁጥር 204/2003 የተደነገገ ነው።

2. ቤቱን ከመከራየትዎ በፊት

የመሬት አቀማመጡንና የክፍሎቹን ንድፍ ይዘው ተቆጣጣሪውን የመስፈርት ዝርዝር ይጠይቁ፤ ውል የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ዓመት ቅድሚያ ከፍሎ መጸዳጃ ቤቱ ወደ ማምረቻው የሚከፈት ቤት ይዞ መቅረት በጣም የተለመደ ኪሳራ ነው።

የሚፈለገው ዋና ነገር ምርቱ በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ነው። ጥሬው በአንድ በር ይገባል፣ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ይታሸጋል፣ በሌላ በር ይወጣል። ያልተለቀመ ዛላና የታሸገ በርበሬ በአንድ ኮሪደር የሚተላለፉ ከሆነ አቧራው ብቻ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ያደርሳል። ግድግዳው ለስላሳና የሚጸዳ፣ መስኮቱ ወንፊት ሽቦ ያለው፣ አምፖሉ ቢሰበር ስባሪው እንዳይወርድ ክዳን ያለው ይሁን። ጆንያ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይደረደራል። ርቀቱ አይጥን ለማየት፣ ለማጽዳትና አየር ለማስተላለፍ ነው።

መፍጫና ማሸጊያ ክፍሉን በውኃ አይጠቡ። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተብሎ ወለሉን በባልዲ ማጥለቅለቅ የተለመደ ነው፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። ደረቅ ዱቄት ውስጥ ተኝቶ የነበረ ባክቴሪያ ውኃ ሲያገኝ ይራባል፤ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው እርጥበት ለቀናት ይመግበዋል። ደረቅ ክፍል በብሩሽና በአቧራ መሳቢያ ይጸዳል። ውኃ የግድ ካስፈለገ ዕቃው ወጥቶ ሌላ ቦታ ይታጠብና ፈጽሞ ደርቆ ይመለሳል።

3. ዛላ ሲገዙ

የማረቆም ይሁን የአላባ፣ በርበሬ ላይ ዋናው አደጋ አፍላቶክሲን ነው። አስፐርጊለስ የሚባሉ ሻጋታዎች የሚያመነጩት መርዝ ሲሆን ጉበት ላይ ካንሰር ያስከትላል። ሽታም ጣዕምም የለውም። ሻጋታው ተራግፎ ቢጠፋ እንኳ መርዙ ይቀራል። ቁላት አያጠፋውም፤ መሰባበር የሚጀምረው በርበሬን ከሚያሳርር ሙቀት በላይ ነው።

ሻጋታው መርዝ ለመሥራት እርጥበት ያስፈልገዋል። ዛላው ከ11 በመቶ በታች እርጥበት ይዞ ከተቀመጠ ሥራው ይቆማል፤ 10 በመቶ ላይ ከደረሰ የተሻለ እንቅልፍ ይተኛሉ። ችግሩ ሻጩ እርጥብ ዛላ መሸጥ የሚወድበት ሁለት ምክንያት ስላለው ነው። በጣም የደረቀ ዛላ ሲጫን ይሰባበራል፤ ሚዛንም ይቀንሳል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ውኃ ይረጩበታል። ከላይ ያለው ዛላ በመንገድ ላይ ስለሚደርቅ አያስታውቅም፤ እጅዎን እስከ ክንድ ድረስ ወደ ጆንያው መሐል ይስደዱ። ሙቀት ወይም ልስላሴ ከተሰማዎት አይረከቡ።

በርበሬው በእጅ ሲናወጥ ፍሬው ውስጡ መንኳኳት አለበት፤ ሲታጠፍም ቀጭ ብሎ ይሰበራል እንጂ እንደ ቆዳ አይተጣጠፍም። ይህ ለገበያ ቦታ ይበቃል። በመረከቢያዎ ላይ ግን ይለኩ፦ ከተለያዩ ጆንያዎች የወሰዱትን ፈጭተው 100 ግራም በሚዛን ይያዙ፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያቆዩት፣ መልሰው ይመዝኑ። 90 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 10 በመቶ ነው።

ይህ ልኬት የጤና ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነው። 14 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል ዛላ ወደ 10 በመቶ ሲደርቅ 95 ኪሎ ተኩል ያህል ይቀራል። 18 በመቶ የነበረው 91 ኪሎ ይሆናል፤ በበርበሬ ዋጋ ዘጠኝ ኪሎ ውኃ ገዝተዋል ማለት ነው። ለአቅራቢዎ ዋጋውን በእርጥበት ልክ እንደሚከፍሉ አስቀድመው ይንገሩት። ከሁለት ሦስት ርክክብ በኋላ መርጨቱን ያቆማል፤ ምክር ያላስቆመውን ሒሳብ ያስቆመዋል።

ጆንያውንም ይመልከቱ። ማዳበሪያ፣ ኬሚካል ወይም የእንስሳት መኖ የነበረበት ከረጢት አይቀበሉ። ከዚያ መልቀም ይከተላል፦ ነጭ ወይም ቢጫ የሆነ፣ የጠቆረ፣ ነፍሳት የበሳው፣ ሲሰበር ውስጡ ዱቄት የሚያወጣ ዛላ ሁሉ ይወገዳል። መርዙ በጭነቱ ላይ እኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት የተበላሹ ዛላዎች አንድ ኩንታል ሊያበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ ለቃሚዎች የሚከፈላቸው በለቀሙት ኪሎ ብቻ ከሆነ ፈጥነው ያልፋሉ፤ በቀን መክፈል ይሻላል። የተለቀመውን ብላሽ ለዶሮና ለከብት አይስጡ። አፍላቶክሲን ላሟ በበላችው መኖ አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላይ የታየውም ችግር ዋና መንገዱ የተበከለ የኑግ ፋጉሎ ነበር።

4. ማድረቅ፣ ሁለት ጊዜ

የመጀመሪያው ማድረቅ ከመሬት በተነሣ አልጋ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ነው። ባዶ መሬት ላይ የተሰጣ ዛላ አፈሩን፣ በአፈሩም ውስጥ ያለውን ሻጋታ ይዞ ይነሣል። የወፍና የዶሮ ኩስ ደግሞ ሳልሞኔላ ያመጣል፤ ፀሐይ እሱን አትገድለውም። ውፍረቱ ከጣት አይብለጥ፣ በቀን ደጋግሞ ይገላበጥ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሰብስቦ ጤዛ በማይደርስበት ይደር።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ላይ ነው። የአገራችን በርበሬ ደረቅ ዛላ ብቻ አይደለም፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ ተጨምሮ ይወቀጣል። በዚያች ሰዓት ስንት ቀን የለፉበት ድርቀት ይፈርሳል፤ እርጥበቱ ሻጋታ የሚፈልገውን ያህል ይሆናል፤ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉም ከአፈር የመጣ ባክቴሪያ ይዘው ይገባሉ። ቤት ውስጥ ሁለት ኪሎ ሲዘጋጅ በአንድ ቀን ይደርቃል። አንድ ኩንታል ሲሆን መሐሉ ሞቆ ይከርማል፤ በደመናማ ሳምንት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። በሙያ የሚሠራ ድርጅት ለዚህ ደረጃ የፀሐይ ተስፋ ብቻ መያዝ የለበትም። ሁለት መውጫ አለ፦ ወይ በ60 ዲግሪ አካባቢ ሞቃት አየር የሚነፋ ማድረቂያ ተጠቅሞ በዚያው ዕለት መጨረስ፣ ወይም ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ለብቻ ቀጭን አድርጎ ከትፎና አድርቆ ከደረቅ ዛላ ጋር መፍጨት። ሁለተኛው መንገድ መዓዛውን ጥቂት ይቀንሳል፤ ለጀማሪ ግን በጣም አስተማማኝ ነው። የትኛውንም ቢመርጡ ወደ መፍጫ የሚገባው እርጥበቱ ተለክቶ፣ ቁጥሩ ተጽፎ ነው። ሃሳፕ በሚባለው፣ አደጋን አስቀድሞ ለይቶ በሚቆጣጠረው የምግብ ደኅንነት ሥርዓት ይህ ወሳኝ የቁጥጥር ነጥብ ነው፦ ገደቡ 10 በመቶ፣ ለኪው በስም የታወቀ፣ ካለፈ ተመልሶ የሚደርቅ።

5. መቁላትና መፍጨት

ኮረሪማው፣ አዝሙዱና ሌላው ደረቅ ቅመም ሲቆላ ምጣዱ ላይ ጥቂት ይደረግ፤ ብዙ ሲሆን ከሥር ያርራል፣ ከላይ ጥሬ ይቀራል። ሳልሞኔላ በደረቅ ነገር ላይ ሲሆን ሙቀትን በጣም ይቋቋማል፤ ስለዚህ «እሳት ነክቶታል» ማለት ሞቷል ማለት አይደለም። የሙቀት መጠኑንና ደቂቃውን ከወሰኑ በኋላ ከተቆላው ናሙና ወስደው ያስመርምሩ፤ ውጤቱ ንጹሕ ከሆነ ያንኑ ሙቀትና ደቂቃ ሳይለውጡ ይቀጥሉ። የተቆላ ነገር ጥሬው በነበረበት ሰፌድ አይመለስም።

የሰፈር ወፍጮ ቤት ለገበያ ምርት አይሆንም። ከእርስዎ በፊት ምን እንደተፈጨ አያውቁም፤ ለውዝ ሊሆን ይችላል፣ በፀረ ተባይ የታከመ ዘርም ሊሆን ይችላል። የራስዎ ወፍጮም ጥርሱ ሲያልቅ ብረት ወደ ዱቄቱ ይጥላል፤ ከወፍጮው መውጫ ላይ ጠንካራ ማግኔት ያድርጉና በየፈረቃው የያዘውን መዝግበው ያጽዱ። ድንገት የብረት ቅንጣቱ ከበዛ ወፍጮው ይቁም።

ቀለም ለማድመቅ ምንም አይጨመርም። ሱዳን የሚባሉት ቀለሞች የኢንዱስትሪ ናቸው፤ በምግብ ውስጥ የተከለከሉ ናቸው። የተፈጨ ሸክላም ሆነ ሌላ ባዕድ ነገር መቀላቀል በአዋጁ ወንጀል ነው። የተፈጨ በርበሬ ከነጋዴ አይግዙ፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ ውስጡ ምን እንዳለ በዓይን የሚያውቅ ሰው የለም።

6. ሽሮ የራሱ አደጋ አለው

ሽሮ ውስጥ ጓያ ይገባል፤ ርካሽ ነውና። ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግር የሚያሽመደምድ መርዝ አለው፤ የደረሰው ጉዳትም አይመለስም። በአተር ወይም በሽምብራ ሽሮ ስም ጓያ መሸጥ ማታለል ብቻ አይደለም። ክኩን ከመፈጨቱ በፊት ይረከቡ፤ የጓያ ፍሬ ጎንና ጎኑ እንደ መጥረቢያ የተጠረበ ስለሆነ ሳይከካ ሲገዙት ይበልጥ ይለያል።

ነቀዝ ሲነሣ ጋዝ የሚያወጣ የፎስፊን ክኒን ጆንያ ውስጥ መክተት በየቤቱ የሚደረግ ነገር ነው፤ ሰው ይገድላል። ማጠን ያለበት የሠለጠነ ሰው፣ ሰው ከማያድርበት መጋዘን፣ ተሸፍኖና በኋላም ነፍሶ ነው። ለትንሽ አምራች የሚሻለው አየር የማያስገባ ድርብ ከረጢት ነው፤ ነቀዙ ኦክስጅን አጥቶ ያልቃል።

7. ላቦራቶሪ፦ ናሙናው ከመሣሪያው ይበልጣል

አንድ ማንኪያ በርበሬ ወስዶ «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ማግኘት ይቻላል፤ ዋጋ የለውም። የተበላሸው በጥቂት ቦታ ስለሚከማች ናሙናው ከብዙ ቦታ መወሰድ አለበት። ለቅመም በአውሮፓ ኅብረት የሚሠራበት ልክ ጥሩ መመሪያ ነው፦ ከ5 እስከ 10 ኩንታል ለሚሆን ጭነት ከ30 ቦታ መቶ መቶ ግራም፣ በድምሩ 3 ኪሎ። ሁሉም አንድ ላይ ይፈጫል፣ በደንብ ይደባለቃል፣ ከዚያ ለሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ለላቦራቶሪ፣ አንዱ ለእርስዎ ማስቀመጫ፣ አንዱ ክርክር ቢነሣ። የማስቀመጫው ናሙና ምርቱ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ይቆያል።

ላቦራቶሪው ለዚያ ምርመራ በአይ.ኤስ.ኦ. 17025 (በዓለም አቀፉ የላቦራቶሪ ብቃት ደረጃ) ዕውቅና ያለው መሆኑን ይጠይቁ፤ ለውኃ ምርመራ ዕውቅና ያለው ለአፍላቶክሲን ላይኖረው ይችላል። ፈጣኑ የወረቀት መመርመሪያ ለመረከቢያ በር ጥሩ ነው፤ ለገዢ የሚቀርበው ግን ክሮማቶግራፊ በሚባለው፣ መርዙን ለይቶ በሚለካው የላቦራቶሪ ዘዴ የተሠራው ነው። ጭነቱ ከገደብ በላይ ከሆነ ከንጹሕ ጋር ቀላቅሎ ማቅጠን አይፈቀድም፤ መርዙን ብዙ ቤት ከማድረስ በቀር የሚሠራው ነገር የለም።

8. ማመልከቻውና ፍተሻው

እስከዚህ የሠሩት ተጽፎ ከተያዘ ማመልከቻው ቀላል ነው። የንግድ ምዝገባ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የቤቱ ውልና ንድፍ፣ በሙያው የሠለጠነ የምርት ኃላፊ ማስረጃና ውል፣ የሠራተኞች የጤና ምርመራ፣ የውኃ ምርመራ፣ የአሠራር ጽሑፎች ይጠየቃሉ። የብቃት ማረጋገጫው ከወጣ በኋላ የንግድ ፈቃዱ ይወጣል። የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ የብቃት ማረጋገጫው እድሳት ስለሚቀድም በታኅሣሥ መጨረሻ መሮጥ ያስቀጣል።

ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሥራ አያቁሙ። በሥራ ላይ ያለ ቦታ ማየት ይፈልጋል፤ የመግባት፣ ናሙና የመውሰድና ምርት የማገድ ሥልጣንም አለው። ናሙና ከወሰደ ከዚያው ላይ የራስዎን ድርሻ አሽገው ያስቀሩ፣ ቃለ ጉባኤውን አንብበው ይፈርሙ። ጉድለት ከጻፈ ምክንያቱን፣ ያረሙበትን መንገድና ቀኑን በጽሑፍ ይመልሱ። «ሠራተኞቹን መክረናል» የሚል መልስ በድጋሚ ፍተሻ ያው ጉድለት ሲገኝ ያሳፍራል።

የጤና ምርመራ ወረቀቱን ብቻ አይመኑ። ከወር በፊት የተመረመረች ሠራተኛ ዛሬ ተቅማጥ ቢይዛት ወረቀቱ ምንም አያግድም። ሕመሙ ካቆመ 48 ሰዓት ሳይሞላው ወደ ምግብ ሥራ አትመለስ፤ የእነዚያም ቀናት ደመወዟ ይከፈል። ካልተከፈለ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ማንም ቢሆን ይደብቃል።

9. መለያውና ቀኑ

የምግቡ ስም፣ የገቡበት ነገሮች በብዛታቸው ቅደም ተከተል፣ የተጣራ ክብደት፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምድብ ቁጥር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ አቀማመጡና የተመረተበት አገር ይጻፋል፤ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ። ሽሮው ውስጥ ለውዝ፣ ሰሊጥ ወይም ስንዴ ካለ በግልጽ ይጻፍ። በሽታ ያድናል የሚል ቃል አይጻፍም።

ቀኑ ላይ ተጠንቀቁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ያበቃል ተብሎ የታተመ ከረጢት ውጭ አገር ሲደርስ ከዓመታት በፊት ያለፈ ይመስላል። ለአገር ውስጥ «ዓ.ም.»፣ ለውጭ «እ.ኤ.አ.» ብለው ይለዩ፤ በአንድ ከረጢት ላይ ሁለቱን ማደባለቅ መጋዘን ውስጥም ስሕተት ያመጣል።

10. መመለስ የሚቻል ምርት

የምድብ ቁጥሩ አንድ ቀን፣ አንድ የዛላ ጭነትና አንድ የመፍጫ ዙር የሚያመለክት ይሁን። በዓመት አንድ ጊዜ ይሞክሩት፦ ከሱቅ አንድ ከረጢት ያንሡና ዛላው ከማን እንደተገዛ፣ የተቀረው የት የት እንደተሸጠ በአራት ሰዓት ውስጥ ከመዝገብ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ይዩ። ካልተቻለ ችግር ሲደርስ አንድ ምድብ ሳይሆን የዓመቱን ምርት በሙሉ ይመልሳሉ።

11. ወደ ውጭ ከላኩ

በሻንጣ ለዘመድ የሚላከው በርበሬና ለሽያጭ የሚላከው የተለያዩ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ለደረቅ በርበሬ የፈቀደው ቢ1 የሚባለው የአፍላቶክሲን ዓይነት በኪሎ 5 ማይክሮ ግራም፣ የአፍላቶክሲን ዓይነቶች ጠቅላላ ደግሞ 10 ነው፤ ኦክራቶክሲን ኤ የሚባለው ሌላ የሻጋታ መርዝ 20። የኢትዮጵያ ቅመሞች በአፍላቶክሲን ምክንያት ድንበር ላይ ተጨማሪ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ምርቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ስለዚህ ገዢዎ የሚያስፈልገውን የምርመራና የምስክር ወረቀት ከመጫኑ በፊት በጽሑፍ ይንገርዎ። በአሜሪካ እርምጃ የሚያስወስደው መጠን ጠቅላላው 20 ነው። ማምረቻው እዚያ ባለው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመዝገብና አሜሪካ የሚኖር ወኪል መሰየም አለበት፤ ምዝገባው እ.ኤ.አ. ለሁለት በሚካፈል ዓመት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ይታደሳል። ጭነቱ ከመድረሱ በፊት ቅድሚያ ማሳወቂያ ይላካል፤ አስመጪውም የእርስዎን የአደጋ ትንተናና የምርመራ ውጤት የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ዋሽንግተን ያለ የሐበሻ ሱቅ ባለቤት ይህን ካልጠየቀዎት እርስዎ ይጠይቁት፤ ጭነቱ ወደብ ላይ ሲታገድ የማከማቻና የማስወገጃ ወጪው ማን ላይ እንደሚወድቅም ውሉ ላይ ይጻፍ።